ዝናብ፣ ሰደድ እሳትና መብራት፦ በገዳሪፍ ምድር አስቀድሞ የማወቅ ታሪክ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የዋልካ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ከመተማ ድንበር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ከተማ ናት። ስሟን የያዘው ክፍለ ግዛት በሰሜን ከቡጣና የግጦሽ ምድር ይነሣና በደቡብ እስከ ዲንደር፣ በምሥራቅ እስከ ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ይዘልቃል። በሰሜኑ ጫፍ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በከተማዋ አካባቢ 600 ገደማ ይደርሳል፤ ከመተማ ማዶ ወዳለችው ወደ ጋላባት ሲቀርቡ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ዝናብ ከሞላ ጎደል ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ጥሎ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሰባት ስምንት ወር ጠብታ አይታይም። ክረምቱ ያበቀለው ሳር በደቡቡ ክፍል ሰው ይውጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደርቆ ቢጫ ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፍም ትበቃዋለች።

በዚህ አገር የነሐሴ ዝናብ የኅዳርን እሳት ይወስናል ማለት ይቻላል። ዝናብ በሚያንስበት በሰሜን ቡጣና ሳሩ ስስ ስለሆነ እሳት ቢነሣም ሩቅ አይሄድም። ዝናብ በጠገበው በራሃድ ወንዝና በጋላባት መካከል ግን አንድ ሰደድ እሳት የሚያቆመው ካላገኘ ለቀናት ይጓዛል። ዛሬ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋው በዚሁ መሬት ላይ ነው። የአየር ጠባይ ካርታንና የእሳት ካርታን ጎን ለጎን ዘርግቶ መብራት ሊጠፋ የሚችልበትን ወቅት መገመት የሳተላይት ዘመን ሥራ ይመስላል፤ ዝናብንና እሳትን አያይዞ ማንበብ ግን እዚህ አካባቢ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ብዙ የቀደመ ዕውቀት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱዳን ገበሬ ክረምቱን በከዋክብት ይቆጥራል። ዓመቱ 28 ክፍሎች አሉት፤ ሃያ ሰባቱ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ቀን ሲይዙ አንዱ 14 ይሆናል። በዝናቡ ወራት የሚውሉት ክፍሎች «ዓይና» ይባላሉ፤ ድራዕ፣ ነትራ፣ ጠርፋ፣ ጀብሃ፣ ኸይርሳን፣ ሰርፋ፣ ዓዋ፣ ስማክ እየተባሉ በየስማቸው ይጠራሉ። የትኛው ዓይና ለዘር እንደሚመች፣ የትኛው ጎርፍ እንደሚያመጣ፣ በየትኛው ዝናቡ መውጣት እንደሚጀምር ልጅ ከአባቱ ይሰማል። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ ገበሬም ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚወስነውን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ይዞ፣ የዘሩን ጊዜ በበዓላት እየለየ ኖሯል። ሁለቱም አቆጣጠሮች አንድ ጉድለት አለባቸው፦ ዝናብ በአብዛኛው መቼ እንደሚመጣ ይነግራሉ እንጂ ዘንድሮ ይዘገይ እንደሆነ አይነግሩም። ይህን የሚሞላው የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመብረቁን ሰፈርና የወንዙን ውሃ ማየት ነበር።

ዝናብንና እሳትን ከሁሉ አጥብቆ ያስተሳሰረው «ሐሪግ» የተባለው የእርሻ ዘዴ ነው። ገበሬው አንድን መሬት ይመርጥና ሳሩ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቃጠል፣ ሳይጋጥም እንዲከማች ይጠብቀዋል። ከዚያ በሚመጣው ክረምት መግቢያ ላይ ወዲያው አይዘራም፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጥለው ከደረቁ ሳር ሥር አዲስ አረም ብቅ እስኪል ይታገሣል። ዝናቡ ጥቂት ቀን ፋታ ሲሰጥና የላይኛው ሳር ሲደርቅ እሳት ይለቅበታል። እሳቱ አሮጌውን ሳርም አዲሱን አረምም አንድ ላይ ይጠርጋል፤ መሬቱ ሳይታረስ በመትከያ እንጨት እየተወጋ ማሽላ ይዘራበታል። ጄ. ዲ. ቶትሂል አሰናድቶት በ1948 የታተመው የሱዳን ግብርና መጽሐፍ ይህን ዘዴ ከአገሩ ዋና ዋና የእርሻ ልማዶች መካከል ይቆጥረዋል። ዘዴው ቀላል ይምሰል እንጂ ስሌቱ ከባድ ነው። እሳቱ በጥቂት ቀናት ቢቀድም አረሙ ገና አልበቀለም፤ ቢዘገይ ሳሩ ርሶ አልነድ ይላል። በበጋ ከጎረቤት የመጣ ሰደድ እሳት ከደረሰበት ደግሞ የሁለት ሦስት ዓመት ጥበቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ አመድ ይሆናል።

ስለዚህ እሳትን የሚጠቀመው ገበሬ ራሱ እሳትን ዋነኛ ጠላቱ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። ዝናቡ እንዳበቃ በመሬቱ ዙሪያ ሳሩን አጭዶና ጠርጎ የእሳት መከላከያ መስመር ያወጣል። በዚህ ሜዳ እሳት የሚያነሣው ብዙ ነው፦ ለከብቱ ለጋ ሳር የሚፈልግ አርብቶ አደር፣ ንብ የሚያጨስ ማር ቆራጭ፣ አውሬ የሚያስወጣ አዳኝ፣ ከሰል አክሳይ፣ ሻይ አፍልቶ ፍሙን ሳያዳፍን የሄደ መንገደኛ። የሙጫ ግራር ያላቸው ሰዎችም በእሳት የሚያጡት ብዙ ነበር። መስመር ማውጣቱ ቆይቶ የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ የሱዳን የግጦሽ አስተዳደር በየዓመቱ ከዝናብ በኋላ በትራክተር እያስጠረገ የእሳት መስመሮችን ያወጣል። መስመሩ የሚወጣበት ጊዜ ጠባብ ነው። ዋልካው ትራክተር የሚሸከምበት፣ ሳሩ ደግሞ ገና ያልተቀጣጠለበት ጥቂት ሳምንት ብቻ ይገኛል፤ ነዳጅ ከዘገየ ዓመቱ አመለጠ።

የዚህን ምድር ወቅቶች ለውጭ አንባቢ በዝርዝር ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። በ1861 ከባለቤቱ ጋር በደረቀው የአትባራ ወንዝ አሸዋ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በአውሮፓውያን ጁን 23 ሌሊት፣ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ የደረቀው ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞላ። እሱ ባለበት ቦታ ዝናብ አልነበረም። ውሃው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በጓንግ፣ በአንገረብና ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት በተከዜ በኩል። ቤከር ክረምቱን ሶፊ በተባለች መንደር አሳልፎ፣ በጋውን ከሐምራን አዳኞች ጋር በሰቲት ዳርቻ ሲዘዋወር ከርሞ፣ በ1862 በጋላባት በኩል አልፎ ወደ ካርቱም ሄደ። ትዝብቱ የጂኦግራፊውን ዋና ነገር ይዟል፦ ለገዳሪፍ ምድር የወንዙ ውሃ ከሩቅ የተላከ ወሬ ነው፤ ጎንደርና ሰሜን ላይ የሆነውን ከቀናት በኋላ ይናገራል።

ይህን ወሬ በቁጥር መመዝገብ የተጀመረው በእንግሊዝና ግብፅ የጋራ አስተዳደር ዘመን ነው። በወንዞቹ ላይ መለኪያዎች ተተከሉ፤ የዓባይን ሙላት አስቀድሞ ማወቅ ለግብፅ መስኖ የሞት ሽረት ጉዳይ ስለነበረ የኢትዮጵያ ክረምት የሊቃውንት መከራከሪያ ሆነ። ጄ. አይ. ክሬግ በ1910 ባሳተመው ጥናት የኢትዮጵያን ዝናብ ከደቡብ አትላንቲክ የአየር ሁኔታ ጋር አያይዞ ተነተነ። ከዚያ በፊት፣ የ1902ቱ የድንበር ውል ከተፈረመ በኋላ፣ ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን ድንበሩን ሲያካልል አካባቢውን ቀይሶ ነበር። የሱዳን ቅየሳ መሥሪያ ቤት በኋላ ያወጣቸው የ1:250,000 ካርታዎች አገሩን በሙሉ ሸፈኑ። አስተዳዳሪውም ወታደሩም ከእነዚህ ካርታዎች አንድ ነገር ይፈልጉ ነበር፦ የትኛው መንገድ በየትኛው ወር ያስኬዳል? በዋልካ ምድር ጦር ራሱ ለወቅት ይገዛል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የመተማ ጦርነት መጋቢት 1889 ላይ፣ በበጋ ነው። የእንግሊዙ ብርጋዴር ስሊም ጋላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ጥቃት የከፈተው ኖቬምበር 6 ቀን 1940፣ ዝናቡ አብቅቶ መሬቱ እንደጠና ነው። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፓርሰንስ ግን በሴፕቴምበር 1898 ገዳሪፍን ለመያዝ ከከሰላ ሲነሣ ወቅቱን ስላልጠበቀ የሞላውን አትባራ መሻገር ፈተና ሆኖበታል።

የምድሩን መልክ የለወጡት ባቡርና ትራክተር ናቸው። የባቡር ሐዲዱ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከከሰላ ገዳሪፍ ገብቶ ወደ ስናር ቀጠለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ለሠራዊት የሚሆን እህል ሲታጣ መንግሥት በገደምበሊያ በማሽን ማሽላ ማምረት ጀመረ። በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ በዓለም ባንክ ብድር አንድ አንድ ሺህ ፌዳን እየሸነሸነ መሬት አከፋፈለ። በ1960ዎቹ በሶቪየት ርዳታ የተሠራው የገዳሪፍ ጎተራ 100,000 ቶን እህል ይይዛል። በየመኸሩ ከጎንደርና ከወሎ፣ ከትግራይም ሳይቀር ብዙ ሺህ የጉልበት ሠራተኛ ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚህ ይወርድ ነበር። እሳት ግን በትራክተር አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ሜዳው ሲታረስ ከሐሪግ ጋር ረጅሙ ሳርም ጠፋ፤ ሰደድ እሳቱ ወደ ዳር፣ ወደ ዲንደር፣ ወደ ራሃድና ወደ ድንበሩ ጫካ ተገፋ። በእርሻው ላይ የቀረው በሚያዝያና በግንቦት ማሳ ለማጽዳት የሚለኮሰው የገለባ እሳት ነው። ይህ ልዩነት የእሳት ካርታ ለሚያነብ ሰው በኋላ ትልቅ ነገር ሆኗል።

ኤሌክትሪክ ወደ ምሥራቅ ሱዳን በሰፊው የገባው ከኻሽም አል ጊርባ ግድብ ጋር ነው። ግድቡ በአትባራ ላይ በ1964 ተጠናቀቀ፤ ዋና ዓላማው በአስዋን ግድብ ውሃ የተዋጡትን የዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያን ለማስፈር የታሰበውን መስኖ ማጠጣት ነበር፤ ኃይል ማመንጨቱ ተከታይ ነው። የዚህ ግድብ ጠላት ደለል ነው። መጀመሪያ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ሐይቅ ከደጋው በሚታጠበው አፈር ምክንያት ከግማሹ ያላነሰ አቅሙን አጥቷል። ደለሉን ለማስወጣት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሙላቱ ወቅት በሮቹ ተከፍተው ግድቡ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ የኃይሉ ምርት ይወርዳል። በዓባይ ላይ ያለው የሮሴሪስ ግድብም በሐምሌና በነሐሴ ደለልና ግንድ እየጎረፈበት ተርባይኖቹ ይደክሙ ነበር። ነገሩ እንግዳ ይመስላል፤ ውሃ እጅግ በበዛበት ወር መብራት ያንሳል። የአየር ጠባይ ካርታን ለመብራት ማንበብ በምሥራቅ ሱዳን የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በጎንደር ደጋ ላይ የሚታየው የደመና ብዛት ለግድቡ ሠራተኛ የመታጠቢያው ቀን መቃረቡን ይነግረዋል።

ለገዳሪፍ ከተማ መብራት መጥፋት ከጨለማ ያለፈ ነገር አለው። የከርሰ ምድር ውሃ የሚቸግራት ይህች ከተማ የምትጠጣው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው ከሾዋክ፣ ከአትባራ ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቧንቧው ይደርቃል፤ በአህያ ጋሪ በርሜል የሚያዞሩት ውሃ ሻጮች ዋጋ ይጨምራሉ። በየግቢው ያለው በርሜልና ታንከር የሚሞላውም መብራት ባለበት ሰዓት ነው፤ ሊጠፋ ይችላል የተባለበትን ሳምንት ያወቀ ቤተሰብ ቀድሞ ይሞላል።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው መስመር የታሰበው ይህን ድካም ለማቃለል ነው። የዓለም ባንክ በ2007 ገንዘብ የፈቀደለት ፕሮጀክት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደርና በሸኽዲ አድርጎ እስከ መተማ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ዘረጋ፤ ከጋላባት ወዲያ እስከ ገዳሪፍ ያለውን ሱዳን ሠራች። መስመሩ በ2013 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር በተገኙበት ገዳሪፍ ላይ ተመረቀ፤ መጀመሪያ የታሰበለት 100 ሜጋ ዋት ነበር። በ2017 ደግሞ ከሾዋክ በላይ በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት መንታ ግድቦች 320 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተመረቁ።

ይህ መስመር የሚያቋርጠው አገር ከላይ እንደተገለጸው ነው፤ አደጋውም በየወቅቱ መልኩን ይቀይራል። በበጋ ወራት ሠራተኞች ስኒ የሚሏቸው የሽቦ መያዣዎች ሀቡብ የሚባለው ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ ይለብሳሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው የነሐሴን ዶፍ ነው፤ መስመሩን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የሰኔ የመጀመሪያ ካፊያ ነው። ዶፍ ስኒውን ያጥባል፤ ካፊያ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ኃይሉ በላዩ እንዲሾልክ መንገድ ያበጃል። መብረቅና የክረምት መግቢያ አውሎ ነፋስም በዚሁ ጊዜ ይመጣሉ፤ በ2021 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በተጠለሉበት በቱናይድባ ድንኳኖችን የነቃቀለው እንዲህ ያለው ነፋስ ነበር። በነሐሴ ችግሩ ጭቃው ነው። ብልሽቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆንም መኪና ዋልካውን ማለፍ ስላቃተው መብራቱ ቀናት ሊጠፋ ይችላል። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ማቀዝቀዣው ሁሉ ሲበራ ግድቦቹ ዝቅ ብለው ክረምትን ይጠብቃሉ።

እሳት መስመሩን የሚያቋርጥበት መንገድ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መልኩ ይነገራል። ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመው ምሰሶ ብረት ስለሆነ አይቃጠልም። መስመሩን የሚጥለው ጭሱና ግለቱ ነው። ከሽቦው ሥር ረጅም ሳር ሲነድ ግለቱና ጥቀርሻው የአየሩን ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅም ያዳክማሉ፤ ኃይሉ በጭሱ ውስጥ ወደ መሬት ወይም ወደ ጎረቤት ሽቦ ይዘላል፤ መከላከያ መሣሪያውም መስመሩን ወዲያው ይቆርጠዋል። ሽቦው ካልተጎዳ እሳቱ ሲያልፍ መስመሩ ሊመለስ ይችላል። በእንጨት ምሰሶ የሚሄደው ዝቅተኛ መስመር ግን ከተቃጠለ ምሰሶው እስኪተካ ይቆያል። ስለዚህ ከመስመሩ ሥር ሳርና ቁጥቋጦ በጥቅምት መጥረግ ዋናው መከላከያ ነው፤ የሐሪግ ገበሬ በእርሻው ዙሪያ ያደርገው የነበረው ሥራ ይኸው ነው።

የሳተላይት ካርታ ወደዚህ ታሪክ የገባው በረሃብ በኩል ነው። የ1984ቱ ድርቅ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎች የገዳሪፍ መጠለያዎች ካፈለሰ በኋላ፣ በ1985 አሜሪካ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመች፤ የዝናብና የልምላሜ ካርታዎች በየጊዜው መውጣት ጀመሩ። በነሐሴ 1988 ካርቱም ላይ በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጥሎ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ሱዳን በደመና ምስል የሚሠራ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አደራጀች። ከ1998 ጀምሮ የአፍሪቃ ቀንድ አገሮች የአየር ጠባይ ባለሙያዎች እየተሰበሰቡ የመጪውን ወቅት ዝናብ ትንበያ በጋራ ያወጣሉ፤ ይህን ሥራ ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ይመራዋል።

እሳትን በቀጥታ ያሳየው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ነው። በ1999 ቴራ፣ በ2002 አኳ በተባሉት ሳተላይቶች ላይ ወጥቶ የነደደ ቦታን ግለት በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ነጥብ መለየት ቻለ። በ2011 የወጣው ቪርስ ነጥቡን ወደ 375 ሜትር አጠበበው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የጀመረውና ናሳ የተረከበው ፈርምስ የተባለ አገልግሎት እነዚህን ነጥቦች ሳተላይቱ ካለፈ ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ለማንም በነፃ ይሰጣል።

ነጥቦቹን እንዳሉ ማመን ግን ያሳስታል። ሳተላይት በአንድ ቦታ የሚያልፈው በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ተነሥቶ ከመምሸቱ በፊት የጠፋ የሳር እሳት ላይታይ ይችላል። ደመናም ይጋርደዋል። በገዳሪፍ ማሳ ላይ በግንቦት የሚታየው የነጥብ ብዛት አብዛኛው ገበሬ አስቦ የለኮሰው ገለባ ነው፤ በኅዳር ከጋላባት በስተደቡብ የታየ አንድ ነጥብ ከዚያ ሁሉ ሊከፋ ይችላል። የሚረዳው የእሳቱን ነጥብ በነሐሴው የልምላሜ ካርታ ላይ ደርቦ፣ የነፋሱን ትንበያ ጨምሮ፣ መስመሩ የት እንደሚያልፍ እያዩ ማንበብ ነው። ክረምቱ የሰመረበት ዓመት ለገበሬ ጥጋብ ቢሆንም ለመስመር ጠባቂ የሥጋት ዓመት ነው፤ ድርቅ የመታው ዓመት ደግሞ ሳሩን ቀንሶ እሳቱን ሲያቀለው ግድቡን ባዶ ያደርገዋል።

ከኤፕሪል 2023 ወዲህ የሱዳን ጦርነት ሌላ ምክንያት ጨምሯል። ገዳሪፍ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉትን ተቀብላ የሕዝቧ ቁጥር አብጧል፤ የውሃና የመብራት ፍላጎቷም እንዲሁ። በጃንዋሪ 2025 የሾዋክ ኤሌክትሪክ ጣቢያ በድሮን ተመታ፤ ገዳሪፍ፣ ከሰላና ስናር መብራት አጡ። ወሩ የዝናብም የከባድ ሙቀትም ወር አልነበረም፤ የትኛውም የአየር ጠባይ ወይም የእሳት ካርታ ሊያሳየው የሚችል ነገር አልነበረም። በጦርነቱ ዓመታት በሱዳን ከተሞች አቅም ያለው ቤተሰብ፣ ክሊኒክና የውሃ ጉድጓድ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ መትከልን ዋና መጠባበቂያው አድርጎታል።